የሃርለሟ ውሻና የጎረቤት ሐቅ

(የጉዞ ማስታወሻ)



ስለ ኒው ዮርክ የሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከፎቆቹ ርዝመት ወይም ከመንገዱ ግርግር ነው። እኔ ግን ከአንዲት ውሻ እጀምራለሁ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 2024 ታናሽ እህቴን ለመጠየቅ ወደዚያ ከተማ ሄጄ ነበር። በቆየሁባቸው አምስት ሳምንታት ስለ አገሩ ሰው፣ ስለ ሕጉና ከሁሉም በላይ ስለ ራሳችን ብዙ ያስተማረችኝ ይህች ውሻ ናት።

እህቴ ከባለቤቷና ከሁለት ልጆቿ ጋር የምትኖረው በሰሜን ማንሃተን፣ ሃርለም በሚባለው ሰፈር፣ ከ116ኛው ጎዳና ብዙም በማይርቅ አንድ አሮጌ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ነው። 116ኛው ጎዳና ለሙስሊም እንግዳ ባዕድ አይደለም። ማልኮም ኤክስ በአንድ ወቅት ያስተምርበት በነበረው ስፍራ ላይ ዛሬ በስሙ የሚጠራው መስጊድ አረንጓዴ ጉልላቱን ይዞ ቆሟል። ከዚያ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ሰፈሩ «ትንሿ ሴኔጋል» ይባላል። ረጅም ጀለቢያ የለበሱ የምዕራብ አፍሪካ ሰዎች በየሱቁ ደጃፍ ቆመው ሰላምታ ይለዋወጣሉ። የሐላል ሥጋ ቤቱ፣ የጨርቃ ጨርቅ ሱቁና የጸጉር ሠሪው ቤት ተደጋግፈው ተደርድረዋል። ሰው ለብቻው የሚኖርበት ከተማ ነው ሲባል የሰማሁት ሁሉ እዚያ ጎዳና ላይ ስደርስ ውሸት መሰለኝ።

ነገር ግን ጎዳናው ሌላ፣ የሕንፃው ውስጥ ሌላ ነው። በደረጃው ላይ የሚገናኙ ጎረቤታሞች አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ይተላለፋሉ። እህቴ በዚያ ቤት ስድስት ዓመት ኖራለች። ከእርሷ ወለል በታች የሚኖሩትን አንዲት አረጋዊት ጥቁር አሜሪካዊት ግን ስማቸውን እንኳ አታውቅም ነበር። የምታውቀው ውሻቸውን ብቻ ነው፤ እርሷንም በድምፅ።

ደቂቃ የሚቆጥረው ሰው

የእህቴ ባለቤት ታክሲ ነጂ ነው። ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ፣ ፈጅርን ሰግዶ፣ ቡናውን ጠጥቶ ይተኛል። በሄድኩ በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ ጠዋት፣ ገና ሸለብ እንዳደረገው ከታች ውሻዋ ጀመረች። ያለ ዕረፍት፣ በአንድ ዓይነት ድምፅ፣ ልክ ሚስማር እንደሚመታ መዶሻ። የሙቀት ወቅት በመሆኑ መስኮቱ ሁሉ ክፍት ነው። የስምንት ወሯ ሕፃን ደንግጣ አለቀሰች። ወደ መኝታ ቤቱ ብቅ ስል አማቻችን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ሰዓቱን እያየ በልጁ የትምህርት ቤት ደብተር ላይ ይጽፋል።

«ምን እየሠራህ ነው?» አልኩት።

«ደቂቃ እየቆጠርኩ ነው ጋሼ። ከአሥር ካለፈ ሕግ ተጥሷል» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ደሴ ያደገ ሰው ውሻ ጮኸ ብሎ ደቂቃ አይቆጥርም። እኛ ዘንድ ውሻ ሌሊት ከጮኸ ወይ ጅብ መጥቷል፣ ወይ ሌባ አጥር ነክቷል። ዝም ካለ ነው የሚያስፈራው። አማቻችን ግን ደብተሩን ገልጦ አሳየኝ። ቀኑ፣ የጀመረችበት ሰዓት፣ ያቆመችበት ሰዓት በሥርዓት ተጽፏል። አርባ ደቂቃ፣ ሃምሳ አምስት ደቂቃ፣ አንድ ሰዓት ከሩብ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲጽፍ ቆይቷል።

ቀልድ አልነበረም። የኒው ዮርክ ከተማ የድምፅ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2005 ተሻሽሎ ከሐምሌ 2007 ጀምሮ የሚሠራበት ነው። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ የአንድ ሰው እንስሳ ድምፅ በሌላው ሰው ቤት ውስጥ ቁልጭ ብሎ እየተሰማ ለ10 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ያለ ማቋረጥ ከቀጠለ ባለቤቱ ሕግ ጥሷል ይላል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ደግሞ ልኩ 5 ደቂቃ ነው። ለዚህ መለኪያ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጆሮና ሰዓት ይበቃል። አገሩ ሰፊ ነውና ሁሉም ከተማ የራሱ ልክ አለው። በሎስ አንጀለስ ለምሳሌ ያለ ማቋረጥ 10 ደቂቃ፣ ወይም በሦስት ሰዓት ውስጥ እየተቆራረጠ 30 ደቂቃ የሚሰማ ጩኸት ነው የሚያስጠይቀው።

ያው የኒው ዮርክ ሕግ ስለ ሌላውም ነገር አያሌ ዝርዝር አለው። አይስክሬም የሚሸጥ መኪና ሙዚቃውን ማሰማት የሚችለው እየተጓዘ ሳለ ነው፤ ከቆመ ማጥፋት አለበት። የግንባታ ሥራ በሥራ ቀናት ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ይፈቀዳል። አደጋ ለመከላከል ካልሆነ በስተቀር የመኪና ጥሩንባ መንፋት ክልክል ነው። በየመንገዱ ተሰቅሎ የነበረው የ350 ዶላር ቅጣት ማስጠንቀቂያ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ እንዲወርድ ቢደረግም ሕጉ አልተሻረም። አማቻችን ይህንን ሲነግረኝ ራሱ ፈገግ አለ። «እኔ ስንቴ እንደምነፋ አላህ ነው የሚያውቀው!»

አቤቱታ ያለው ሰው 311 ቁጥርን ይደውላል። ይህ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2003 የተከፈተ ሲሆን፣ እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው በብዙ ቋንቋዎች አስተርጓሚ ያቀርባል። የጎረቤት ጭፈራና ሙዚቃ ከሆነ ጉዳዩ ወደ ፖሊስ፣ ውሻ ከሆነ ወደ ከተማው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይመራል። በዚህ ስልክ ከሚቀርቡት አቤቱታዎች ውስጥ ለዓመታት ከፊተኞቹ ተርታ የማይጠፋው የጩኸት ነገር ነው።

«ታዲያ የቤቱ አከራይ ለምን ውሻዋን አያስወጣም?» ብዬ ጠየቅሁ። እርሱም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣ የከተማው ሕግ መሠረት፣ ተከራይ እንስሳውን በግልጽ ሦስት ወር ካኖረና አከራዩ እያወቀ ካልከሰሰ፣ ውሉ ውሻ ቢከለክል እንኳ ከዚያ በኋላ ሊያስገድደው አይችልም። ጎረቤትን የሚያውክ ከሆነ ግን ይህ ከለላ አይሠራም። ስለዚህ ያ ደብተር ተራ ደብተር አልነበረም። ከአንዲት አረጋዊት እጅ ውሻቸውን ሊያስወጣ የሚችል ማስረጃ ነበር።

ጸጥታ የማን ነው?

የአገሩ ሰው ስለ ጩኸት እንዲህ መጨነቁ የቅንጦት ነገር ይመስለኝ ነበር። አመጣጡን ስጠይቅና ሳነብ ግን ሐሳቤን ቀየርኩ።

እ.ኤ.አ. በ1906 ጁልያ ባርኔት ራይስ የተባሉ አንዲት የከተማዋ ባለጠጋ ሴት «አላስፈላጊ ጩኸትን የሚያስቀር ማኅበር» አቋቋሙ። ቤታቸው ከሃድሰን ወንዝ ትይዩ ነበርና መርከብ ጎታች ጀልባዎች ሌሊቱን ሙሉ በፉጨት እንቅልፍ ነሥተዋቸዋል። ሴትዮዋም ተማሪዎችን ቀጥረው ፉጨቱን አስቆጠሩ፤ በአንድ ሌሊት በሺህ የሚቆጠር ሆኖ ተገኘ። እነሆ፣ አማቻችን በደብተሩ የሠራው ሥራ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው ማለት ነው። ሴትዮዋ ለራሳቸው ብቻ አልተከራከሩም። በየሆስፒታሉ አካባቢ ጩኸት እንዲከለከል የታገሉት እርሳቸው ናቸው።

ከዚህ ይበልጥ ልቤን የነካው የአንድ ትምህርት ቤት ታሪክ ነው። ከሃርለም በስተሰሜን በሚገኝ አንድ የሕዝብ ትምህርት ቤት፣ የሕንፃው አንደኛው ጎን ከፍ ብሎ ከተሠራ የባቡር ሐዲድ አጠገብ ነበር። ባቡሩ በየጥቂት ደቂቃው ሲያልፍ አስተማሪው ትምህርቱን ያቋርጣል። አርሊን ብሮንዛፍት የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጡት ጥናት፣ በሐዲዱ በኩል ባሉት ክፍሎች የሚማሩት ልጆች በስድስተኛ ክፍል በንባብ ችሎታ ከሌላኛው ጎን ልጆች ወደ አንድ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ቀርተው አገኟቸው። ልጆቹ ያው የአንድ ሰፈር ልጆች፣ መምህራኑም ያው የአንድ ትምህርት ቤት ናቸው። ከዚያ በኋላ በሐዲዱ ሥር የላስቲክ ንጣፍ ተደረገ፤ የክፍሎቹም ጣራ ድምፅ በሚውጥ ነገር ተሸፈነ። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው ተከታይ ጥናት ልዩነቱ ጠፍቶ ተገኘ።

እንግዲህ ጸጥታ የሀብታም ምቾት ብቻ አይደለም። ሀብታም ከጩኸት ርቆ ቤት ይገዛል። ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛው ታክሲ ነጂ፣ ከሐዲድ ሥር የሚማረው ልጅ የት ይሄዳል? ሕጉ የቆመው ለእነርሱ ጭምር ነው።

ከበሮና አዛን

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ማርከስ ጋርቬይ መናፈሻ ሄድን። በመካከሉ ካለው ኮረብታ ላይ በ1850ዎቹ የተሠራ የብረት ማማ አለ፤ እሳት ሲነሣ ደወል እየተመታ ሕዝብ የሚጠራበት ነበር። ዘመናዊው የእሳት ማስታወቂያ መጥቶ ደወሉ ሥራ ሲፈታ፣ የአካባቢው ነዋሪዎች ራሳቸው «ይቀጥል» ብለው ለብዙ ዓመታት ሲደወል ኖሯል። ለለመደው ሰው ድምፅ ጩኸት አይደለም።

በዚያው መናፈሻ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ከበሮ መቺዎች በሙቀት ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ ይሰበሰቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ ከመናፈሻው አጠገብ በተሠራ አዲስ ውድ ሕንፃ የገቡ ነዋሪዎች «ሰዓታት ሙሉ ዕረፍት አጣን» ብለው አቤት አሉ። ከበሮ መቺዎቹ ደግሞ «እኛ ቀድመን ነበርን» አሉ። ነገሩ የአዲስና የነባር፣ የሀብታምና የድሃ፣ የነጭና የጥቁር ጠብ ሊሆን ምንም አልቀረውም። በመጨረሻ መቺዎቹ ከመኖሪያ ቤቶቹ ራቅ ወዳለ የመናፈሻው ክፍል እንዲዛወሩ ተደረገ።

እህቴ ይህን ታሪክ ሲሰማ የቆየውን ባሏን ዞር ብላ አየችውና፣ «ይኸው! ዛሬ እኛ ስለ ውሻ እንደውል፤ ነገ ስለ እኛ ማን እንደሚደውል ምን እናውቃለን?» አለችው።

ፍርሃቷ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 29 ቀን 2023 የወቅቱ ከንቲባ ኤሪክ አዳምስ፣ መስጊዶች ዓርብ ከቀኑ 6፡30 እስከ 7፡30 ባለው ጊዜ፣ በረመዳን ደግሞ ጀምበር ስትጠልቅ፣ ልዩ ፈቃድ ሳያወጡ አዛንን በድምፅ ማጉያ ማሰማት እንደሚችሉ አስታውቀው ነበር። ድምፁ ግን በተገቢው ልክ እንዲሆን ነው የታዘዘው። በአንዲት ዓርብ ጁምዓ ስንሄድ ያንን አዛን ሰማሁ። ዝቅ ያለ፣ ከመኪናው ድምፅ ጋር የተቀላቀለ ነበር። አንድ ሽማግሌ ሴኔጋላዊ በመንገድ ላይ ቆመው ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ያዳምጣሉ። ከአጠገባቸው አንድ ወጣት ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ፣ ምንም ሳይመስለው አለፈ።

አሰብኩ። ይህን አዛን ለእኛ የፈቀደው ሥርዓት አማቻችንን ከውሻዋ የሚጠብቀው ሥርዓት ነው። የራስን ድምፅ መብት፣ የሌላውን ድምፅ ጩኸት ብሎ መጥራት አይቻልም። አንዱን የያዘ ሌላውንም ይይዛል።

ከስልኩ በፊት

በዚያ ምሽት ለአማቻችን፣ «በሩን አንኳኩተህ ታውቃለህ?» አልኩት።

«እዚህ አገር በር አይንኳኳም ጋሼ» አለኝ።

«ስልክ ከሚደወል በር ቢንኳኳ ይቀላል» አልኩ። እህቴ ወዲያው ተነሥታ ዱቄት አቦካች። ጅብሪል ስለ ጎረቤት ሐቅ ደጋግመው ሲያሳስቧቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጎረቤት ወራሽ ሊደረግ ነው ብለው እስኪያስቡ መድረሳቸውን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ጎረቤቱ ሙስሊም ሲሆን ብቻ ነው ያለ ግን አልሰማንም።

በማግስቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ እህቴ ሳምቡሳ በሳህን ይዛ፣ አማቻችን ደብተሩን በኪሱ ከትቶ፣ የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ከኋላዬ ተደብቆ ወረድን። ስናንኳኳ ውሻዋ ጮኸች። በሩ በሰንሰለት እንደተያዘ ገርበብ አለ። ከፊታችን የቆሙት ከሰባ ዓመት በላይ የሚሆናቸው ቀጭን ሴት ናቸው። ከእግራቸው ሥር አፍንጫዋ ዙሪያ የሸበተ ትንሽ ቡናማ ውሻ ቆማለች። እኔ ደግሞ አንበሳ የምታህል ውሻ ነበር የጠበቅሁት!

እህቴ ሳህኑን ዘረጋች። ሴትዮዋ ግራ ተጋብተው አየት አደረጉንና የመጀመሪያ ቃላቸው፣ «ጨው አለበት?» የሚል ሆነ። ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ያደርጋሉ። ጨው ክልክል ነው።

ቁጭ በሉ ተባልን። አማቻችን እንደምንም ተነፈሰና ስለ ውሻዋ ጩኸት በትሕትና ነገራቸው። ሴትዮዋ አላመኑም። «እርሷ? እርሷ እኮ ጨርሶ አትጮኽም። ሰው በር ሲያንኳኳ ብቻ ነው። ከውጭ ስመለስ ጸጥ ብላ ነው የማገኛት» አሉ። ያን ጊዜ ደብተሩን አውጥቶ ሰጣቸው። መነጽራቸውን አድርገው ገጹን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ተለውጧል።

«ይህ የእኔ የሕክምና ቀን ነው» አሉ።

ውድ አንባብያን፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ። ብቻዋን ስትቀር የምትጮኽን ውሻ የማይሰማት ሰው በሕንፃው ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ባለቤቷ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሁሉም ሰምቷል፤ የሚመለከታቸው ግን አልሰሙም፤ የነገራቸውም የለም። ያ ለክስ የተዘጋጀ ደብተር፣ ለካስ ውሻዋ እመቤቷ ወደ ሆስፒታል በሄደች ቁጥር የምታለቅሰውን ልቅሶ የመዘገበ ነበር።

ሴትዮዋ ይቅርታ ከጠየቁ በኋላ፣ «እኔም አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሌሊት ሊነጋ ሲል ከራሴ በላይ ዱም ዱም የሚለው ምንድን ነው? የቤት ዕቃ ትሠራላችሁ?» አሉ። እህቴ ፊቷ ቀላ። የቡና ሙቀጫዋ ነው! ባሏ ከሥራ ሲገባ ወለሉ ላይ አስቀምጣ ትወቅጣለች፤ በረመዳን ደግሞ ለሱሑር። «ለምን አልደወሉብንም?» ስትላቸው፣ «ሕፃን እንዳላችሁ አውቃለሁ» ብለው ዝም አሉ።

ከዚያ በኋላ

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙቀጫው ሥር ወፍራም ብርድ ልብስ ታጥፎ ተቀመጠ። ሴትዮዋም ሲወጡ ውሻዋን ከበሩ ራቅ ባለው የኋላ ክፍል ያኖሯት፣ መጋረጃውን ይጋርዱ፣ ራዲዮ ይከፍቱላት ጀመር። እህቴ ጨው የሌለው ዳቦ መጋገር ለመደች። ልጁ ውሻዋን እንዲነካ እናቱ አልፈቀደችም፤ የምራቋን ነገር ትፈራለች። ነገር ግን ለተጠማ ውሻ ውሃ ያጠጣው ሰው ምሕረት ማግኘቱን ራሷ ነግራው ስለነበር፣ እማማ ሲዘገዩ ወርዶ የውሃ ሳህኗን እንዲሞላ ተፈቀደለት። ቁልፍ ተሰጠው። በኒው ዮርክ ቁልፍ መስጠት ትልቅ ነገር ነው።

ወደ አገሬ ከተመለስኩ በኋላ የራሳችንን ሕግ ገለጥኩ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን እንዳያውክ ያዛል። ጭሱ፣ ሽታው፣ ድምፁና ንዝረቱ ከመልካም ጉርብትና ልክ ማለፍ እንደሌለበት ይደነግጋል፤ የአካባቢውም ልማድ እንዲታይ ያዛል። የእነርሱ ሕግ ደቂቃ ይቆጥራል፤ የእኛ ሕግ መለኪያው ራሱ ጉርብትና ነው። ያማረ ሕግ ነው! ግን ጉርብትናው ከሌለ በምን ይለካል? ዛሬ በየከተማችን ኮንዶሚኒየም እየገባን፣ ከላያችንና ከታችን ያለውን ሰው ስም ሳናውቅ ዓመታት እያለፉ ነው። በድምፅ ማጉያው፣ በሠርጉ፣ በወፍጮው፣ በታሰረው ውሻ የምንማረር ብዙ ነን። በሩን ያንኳኳን ግን ስንቶቻችን ነን?

ሕግ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። እምቢ ባይ ጎረቤት ሲገጥም ደካማውን የሚጠብቀው ሕግ ነው። አማቻችንም ደብተሩን አልጣለውም፤ መሳቢያ ውስጥ አለ። በመጨረሻው ሳምንቴ ሲጽፍ አየሁት። ሰኞ አራት ደቂቃ፤ ረቡዕ ስድስት። ዓርብ ጠዋት ግን ውሻዋ ቀጠለች።

«ስንት ሆነ?» አልኩት።

«አሥራ አራት» አለኝ።

«ከአሥር አልፏል እኮ።»

ደብተሩን ዘጋና ትራሱን አስተካከለ። «ዛሬ እማማ ዘግይተው ይሆናል፤ ልጁ ወርዶ ይያት» ብሎ ተኛ።

አላህ (ሱ.ወ.) ጎረቤቶቻችን ከእኛ ክፉ ሰላም የሚሆኑ ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም።